ኑና ልብሳችሁን ውሰዱ

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ሳንባ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያተረፈለት አኮርዲዮኑ ነው የሚሉ አሉ፤ ደረቱ ላይ አንግቶት ሲስበውና ሲገፋው የሚተነፍሰው መሣሪያው ይሁን ሰውየው መለየት ያስቸግራልና። የለም፣ ከወሬው የተነሣ ነው የሚሉም አሉ። አንድ ጊዜ አፉን ከከፈተ የደንበኛው ፀጉር ተቆርጦ፣ ጺሙ ተላጭቶ፣ ማጅራቱ በአልኮል ታሽቶ እስኪያበቃ ድረስ ለትንፋሽ እንኳ አያርፍም። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ናት። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ መቀስና ቶንዶስ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ። አግዳሚው ላይ ከሚቀመጡት ግማሾቹ ፀጉራቸው ገና አላደገም፤ ወሬ ሊሰሙ ነው የሚመጡት። ሳንባም ያውቃል፤ ሰሚ የሌለው አፍ ምን ያደርጋል ብሎ ይተዋቸዋል። ቅዳሜ ሲሆን ነጭ ጋዋኑን ይሰቅልና አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ሠርግ ሊያጫውት ይሄዳል። የሙዚቃ ቡድኑ አራት ሰው ነበር፦ እሱ ራሱ፣ ትራምፔት የሚነፋው ቁልፍ ሠሪ፣ ጊታር የሚጫወተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ድራም የሚመታው ደግሞ ልብስ ሰፊ።

ስለ ልብስ ሰፊው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሱቁ ከፀጉር ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው፤ መኖሪያውም ከሱቁ ጀርባ። ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እሷ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ትሰፋለች። አያቶቻቸው ከወንዝ ማዶ የመጡ ናቸው። በዚያ ከተማ ወንዝ ማዶ የሚባሉት ሰዎች ቀለማቸው ጠቆር፣ አነጋገራቸው ጎተት ይላል። ሦስት ትውልድ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ሠርተው፣ እዚያው ቢቀበሩም «ወንዝ ማዶዎቹ» መባል አልቀረላቸውም። ልብስ ሰፊው በዚህ ይቀልድ ነበር። «እኔ እኮ ዋና እንኳ አልችልም፣ በምን ተሻግሬ ነው?» ይል ነበር። ከሳንባ ጋር በምንም ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። ሳይጨቃጨቁ የዋሉ ዕለት አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ስለ ወንዝ ማዶዎቹ ወሬ ተነሣ። ወሬው ምን እንደነበር በትክክል የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ማግኘት ይቸግራል፤ ውሸት እንደነበር ግን ሁሉም ያውቃል። ዱላና ድንጋይ የያዙ ጎረምሶች መንገዱን ሞልተው መጡ። የማንንም ስም አልጠየቁም፤ የቆዳውን ቀለም አይተው ነበር የሚመቱት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ በዚያን ዕለት ግን ዓይን በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው የተገደለው በገዛ በሩ ላይ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከእሱ ጋር የሞቱት ሌሎችም እንዲሁ ጎረቤት፣ እንዲሁ ደንበኛ ነበሩ።

ሳንባ በዕለቱ አኮርዲዮኑን ሊያሳድስ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሁሉም አልቆ፣ መንገዱ ታጥቦ ጠበቀው። ገዳዮቹ ከሩቅ አገር የመጡ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለው ነበር። አልነበሩም። በግድያው ከታሰሩት መካከል በሕፃንነታቸው እናቶቻቸው ታቅፈው ሲያመጧቸው የመጀመሪያ ፀጉራቸውን የቆረጠላቸው ነበሩበት። የገዛ ሰዎቹ፣ የገዛ ቀለሙ ልጆች ናቸው። ለቀብሩ ሄደ፤ ከሰው ኋላ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የልብስ ሰፊውን ሚስት ዓይን ማየት አቃተው። እንደምን አደርሽ ለማለት እንኳ አፉ አልታዘዝ ስላለው፣ ወደ ቤቱ የሚሄደው በጓሮ መንገድ ዞሮ ሆነ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያው ነበር። የተጣላ ሰው ዞሮ ይመጣል፤ ያፈረ ሰው ግን እንደራቀ ይቀራል።

አፉ ያልቻለውን አኮርዲዮኑ ይሞክረው ጀመር።

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ሳለ ያወጣው አንድ ዜማ ነበረ። መሐሉ ላይ ሦስቱ ሙዚቀኞች ያቆሙና ድራሙ ለብቻው ይቀራል፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይፈጥናል። ሠርገኛው የሚያብደው እዚያ ላይ ነበር። ሳንባ ሌላ ድራም መቺ አልቀጥርም አለ። ዜማውን እንደ ድሮው ይጀምሩታል፤ የድራሙ ቦታ ሲደርስ ሦስቱም ያቆማሉ። መሣሪያቸውን እንደያዙ፣ የሟቹን ምት በልባቸው እየቆጠሩ ቆመው ይቆያሉ። ከዚያ አብረው ይገባሉ።

መጀመሪያ የተጫወቱት ዕለት «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ ያፌዘ ነበር። ሲቆይ ግን ሰው ገባው። ያ ባዶ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ከጸጥታው ውስጥ መጀመሪያ የአንዲት ሴት ሲቃ ይሰማል፣ ከዚያ የሌላዋ፣ ከዚያ የወንዶቹም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነውና በዚያ አዳራሽ እንባ ጠፍቶ አያውቅም። ዝናው ወጣ። ከትልልቅ ከተሞች ሳይቀር የሚያዳምጡ ሰዎች መጡ፤ አንዱ ጋዜጣ ላይ ጻፈው። የሳንባ ደረት ከአኮርዲዮኑ በላይ ሰፋ። ሰው በሐዘኑም ይኮራል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የሳንባ ሚስት፣ አትክልት የምትሸጠው፣ ዳቦዋን እየቆረሰች «ልትሄድ ነው እኮ» አለችው።

«ማን?»

«የሰፊው ሚስት ናታ። እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። እጇ ላይ ያለውን ሥራ ስትጨርስ ቤቱን ለቅቃ ትወጣለች።»

ሳንባ ሊጎርስ ያነሣውን መልሶ አስቀመጠ። «ከሄደችማ ገዳዮቹ ናቸው ያሸነፉት» አለ።

«እንግዲህ ሄደህ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ቀኑን ሙሉ የምታወራው አንተ!»

ምን እንደሚላት አላወቀም፤ ምን እንደሚያሰማት ግን ያወቀ መሰለው። የተገደሉት ሰዎች ሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ ደርሶ ነበር፤ ቡድኑም አዳራሽ ውስጥ እንዲጫወት ተጠይቋል። ትምጣና ትስማ፤ ከተማው በሙሉ ለባሏ እንዴት እንደሚያለቅስ በዓይኗ ትይ፤ ያኔ ሆዷ ይባባል፣ ጓዟን ትፈታለች ብሎ አሰበ። ሳንባ ሞኝ አይደለም፤ እንዲህ ያሰበው ሙዚቀኛ ስለሆነ ነው። መልእክቱን በሚስቱ በኩል ላከ። «እመጣለሁ» አለች መባሉን ሲሰማ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ የዚያን ዕለት የአንድ ደንበኛ ጺም በትኩረት ማጣት ሁለት ጊዜ ላጨ።

የመታሰቢያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ተቀመጠች። ሳንባ ከመድረክ ላይ ሆኖ አያት። ዜማውን ጀመሩ። ባዶው ቦታ ደረሰ፤ ቆሙ። አዳራሹ እንደለመደው ጸጥ አለ፣ እንደለመደውም ማልቀስ ጀመረ። ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት መሐረብ አወጡ። ሳንባ በልቡ እየቆጠረ የእሷን ፊት ይፈልጋል።

ተነሥታለች። በመቀመጫዎቹ መሐል ወደ መድረኩ እየመጣች ነው። ልታቅፈው የመጣች መስሎት አኮርዲዮኑን ከደረቱ ሊያወርድ ነካካ። እሷ ግን ከመድረኩ ሥር ስትደርስ ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረች።

«ጨረሳችሁ?» አለች። አልጮኸችም፤ ሁሉም ግን ሰማት።

«ባለቤቴን ታውቁታላችሁ አይደል? አንድ ቀን ዝም ብሎ ያውቃል? እየበላ ያወራል፣ እየቆረጠ ያፏጫል፣ ተኝቶ ያንኮራፋል። ዝም ያሰኙት የገደሉት ናቸው። እናንተ ደግሞ በየጊዜው እየተሰበሰባችሁ እንደገና ዝም ታሰኙታላችሁ። ከዚያ ታለቅሳላችሁ፣ ቀለል ይላችኋል፣ ቤታችሁ ትገባላችሁ። እኔን ግን አይቀለኝም።»

አንድ ሰው ሳል አለ። እሷ ቀጠለች።

«ልብሳችሁ እኔ ቤት ተሰቅሏል። እሱ ለክቶ፣ ቆርጦ የተወው ሱሪያችሁ፣ ቀሚሳችሁ። አብዛኛውን ጨርሼዋለሁ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከሁላችሁ አንድ ሰው መጥቶ በሬን አላንኳኳም። እዚህ መጥቶ ለማልቀስ ግን መቀመጫ ጠፍቷል። እንባችሁ ምን ያደርግልኛል? ኑና ልብሳችሁን ውሰዱ።»

ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ተሰማ። ቁልፍ ሠሪው ትራምፔቱን ወደ ሳንባ ጠጋ አድርጎ «እንቀጥል ወይስ?» ሲል ጠየቀ። ሳንባ አኮርዲዮኑን ከደረቱ አወረደ። አልቀጠሉም።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ውስጥ ከቶንዶሱ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም ነበር። ሳንባ ዝም ሲል ደንበኞቹ ፈሩት፤ አንዱ «አመመህ እንዴ?» ብሎ ምላጩን በዓይኑ ተከታተለ።

አግዳሚው ላይ ካሉት አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለቷ እኮ ነው» አለ።

«ማለቷ አይደለም» አለ ሌላው፣ «ብላናለች።»

በተከፈተው በር በኩል ሳንባ የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ አያት። በልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት አለፈች፤ ጥቂት ሄዳ ተመለሰች፤ ደግሞ አለፈች። በመጨረሻ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች። ስትወጣ ክንዷ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኗ ቀልቷል። እሷ ከወጣች በኋላ ሳንባ የጀመረውን ራስ ጨርሶ ጋዋኑን አወለቀ።

ሱቁ እንደ ድሮው ነው። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት፣ አንዱ ላይ የእግር መኪናው፣ ሌላው ላይ ትልቁ መቀስ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋው ብረት ላይ ልብሶቹ ተሰቅለዋል። ሳንባ የማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገውም። የሰፈሩን ማጅራት ሁሉ ሲላጭ የኖረ ሰው በኮሌታው ስፋት ባለቤቱን ያውቃል። ያ የዳቦ ጋጋሪው ነው፣ ያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ከመጨረሻው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ተሰቅሏል። አካሉ ለጊዜው በነጭ ክር ተሸምሽሟል፤ እጅጌዎቹ ገና አልተገጠሙም፣ ትከሻው ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። የራሱ ነው። ልብስ ሰፊው «መድረክ ላይ የጆንያ ነጋዴ ትመስላለህ» ብሎ በግድ ለክቶት ነበር።

«ኮትህን ፈልገህ ነው?» አለችው ከመኪናው ቀና ሳትል።

«አይ፣ እህት ዓለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ላከብረው ብዬ ነው እንጂ… እሱ የሚመታውን የሚመታ ሰው የለም። ማንም እንዳይተካው ብዬ ነው።»

«ምቱ የእሱ ነው ያለህ ማነው?»

እሷ ከብረቱ ላይ አንድ ሸሚዝ አወረደች፤ የሸሚዙን እጅጌ ከመርፌው ሥር አስገባችና መርገጫውን ረገጠች። ቀጥታው ላይ ፈጠነች። ብብቱ ጋ ሲደርስ ዘገየች። አቆመች፤ ጨርቁን በጣቶቿ አዞረች። ደግሞ ፈጠነች። ሳንባ የሟቹ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ያንን ምት በስንት ሠርግ ላይ ሰምቶታል፣ በስንቱ አዳራሽ በልቡ ቆጥሮታል። እጅጌ ሲገጠም የሚሰማ ድምፅ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም።

«እኔ ስገጥም እሱ ጠረጴዛውን በመቀሱ እየመታ ይከተለኝ ነበር» አለች። «ስንሠራ ዕድሜ ልካችንን እንደዚያው ነን። አንዳንዴ ሊያሳስተኝ ብሎ ያፈጥነዋል፣ እኔም አልሸነፍም ብዬ መርፌ እሰብራለሁ። ዜማውን ያወጣ ዕለት "ሰረቅከኝ" ብዬ ተጣልቼዋለሁ። አሁን እናንተ ዝም ስትሉ የሚጠፋው እሱ ብቻ አይደለም።»

በማግስቱ ሳንባ አኮርዲዮኑን ይዞ መጣ። ላስተምርህ አላለችውም፤ እሱም አስተምሪኝ አላለም። እሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከመኪናው ኋላ እያዳመጠ ይገባል። ሲሳሳት «እሱ ቢሆን ይሰድብህ ነበር» ትለዋለች። ቁልፍ ሠሪውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ከሥራ ሲወጡ ጎራ ማለት ጀመሩ። ባዶው ቦታ ላይ መሣሪያቸውን አውርደው የእግር መኪናው ብቻውን እንዲናገር ይተዉታል።

ልብስ ለመውሰድ የሚመጣው ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ሙዚቃ ይሰማል፤ ይቆማል፣ ከዚያ መግባቱ ይቀለዋል። እሷ ደግሞ ልብሱን ብቻ አትሰጥም። «ይህቺን ኪስ አየሃት? ጠባብ ትሁንልኝ ብለህ ግማሽ ቀን ያጨቃጨቅከው አንተ ነህ። ባለቤቴ ቤት ገብቶ "ምን ሊደብቅባት ነው?" ሲል ነው ያመሸው።» ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። አዳራሽ ውስጥ ሲያለቅሱ የነበሩት ለአንድ ሟች ነበር የሚያለቅሱት። እዚህ የሚያገኙት ቁልፍ ሲተከል የሚነጫነጭ፣ ቁም ሲባል የማይቆም ደንበኛ የሚያበሳጨው፣ ሚስቱን በመቀስ ምት የሚያበሽቅ ሰው ነው። ይህኛው ሲጎድል ያማል። ቁጭ የሚሉም ነበሩ፤ ቀስ በቀስ የራሳቸውን ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ያን ዕለት የት እንደነበሩ፣ ምን እንደሰሙ፣ በራቸውን ለምን እንዳልከፈቱ። እሷ ይህን ሁሉ እየሰማች ትሰፋለች። ግድ የለም ብላ የሸኘችው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሳንባ ገና ከበሩ ሲያያቸው አኮርዲዮኑ በእጁ ላይ ቀጥ አለ። ልጃቸው ከታሰሩት አንዱ ነው። እሷም ታውቃለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ፣ አባባ» አለች። ሱሪያቸውን አወረደች፤ ወገባቸውን አየች። «ከስተዋል። እንደገና ልለካዎት ነው። ቀጥ ብለው ይቁሙ።»

ሜትሩን በወገባቸው ዙሪያ አዞረች። ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። «ልጄ…» አሉ። ስለ ልጃቸው ሊናገሩ ይሁን እሷን መጥራታቸው፣ ሳንባ አላወቀም።

«አይንቀሳቀሱ» አለች እሷ። ልኩን አልሳተችም። ሱሪውን እዚያው አጥብባ፣ ተኩሳ ሰጠቻቸው። ሲወጡ አልተሰናበተቻቸውም፤ ግን እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። የዚያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራችም።

ሳንባ በእነዚያ ሳምንታት እንደ ልጅ ደስተኛ ነበር። ፀጉር ቤት ውስጥ ወሬው ተመለሰለት፤ ስለ እጅጌ፣ ስለ ብብት፣ ስለ ምት እያወራ የደንበኛ ጆሮ ሊቆርጥ ምንም አልቀረው። አንድ ቀን ሱቁ ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ ነው ነገሩ የተገለጠለት። ብረቱ ባዶ ሆኗል። ሰዉ ሁሉ መጥቶ ልብሱን ወስዷል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ብቻ ቀርቷል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ተቀምጧል።

«እጇ ላይ ያለውን ሥራ ስትጨርስ…» ሚስቱ ምሳ ላይ የነገረችው ትዝ አለው። ሰዉ እንዲመጣ ሲጥር፣ በመጣው ሲደሰት፣ መሄጃዋን እያፋጠነላት ነበር ለካ።

«ኮትህን ልጨርስልህ?» አለችው።

«አይ፣ እሱስ ይቆይ። ክረምትም አልገባ።»

በማግስቱ ወገቡን አመመው። በሳልስቱ ደንበኛ በዛበት። ከዚያ የሚስቱ ዘመድ ታመመ፤ ዘመዱ እንዳልታመመ ሚስቱ ስታውቅ ሌላ ዘመድ ታመመ። ኮቱ እስካለ ድረስ እሷ አትሄድም፤ ሳንባ ይህን ሒሳብ በሚገባ ሠርቶታል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ራሷ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠራችው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ጆሯቸውን ቀሰሩ። ሳንባ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን እንደተላጨ ትቶት ወጣ።

«ሰበብህ አላለቀም?» አለችው።

«እህት ዓለም፣ አትሂጂ። አሁን እኮ ሰዉ ተመልሷል። አብረውሽ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። ልትረሺው ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«የመርሳት ነገር አይደለም» አለች። «እሱ የወደቀው በሬ ላይ ነው። ጠዋት ስወጣ እዘለዋለሁ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ እዘለዋለሁ። ስመለስ እዘለዋለሁ። እናንተ ስትመጡ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ግን እናንተ ስትወጡም ስትገቡም ረግጣችሁት ነው። እስከ መቼ ልዝለል?»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ሳንባ ወደ ውስጥ ተመልሶ የቀረውን ግማሽ ራስ ላጨ። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ሚስቱ ጎመን መቀንጠሷን አቆመች።

«ኮቱን የማትወስደው ለእሷ ብለህ ነው ለራስህ?» አለችው።

«ለራሴ» አለ ሳንባ፤ ከተናገረ በኋላ ነው ራሱ የሰማው።

ጠዋት ፀጉር ቤቱን ሳይከፍት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ቀጥ አለ። ዕድሜውን ሁሉ የረገጠው ደፍ ነው፤ ድንጋዩ መሐሉ ላይ ተልጓል። በእነዚህ ሳምንታት እንኳ አኮርዲዮን ተሸክሞ፣ እያፏጨ፣ ስንት ጊዜ ወጥቶበታል። አሁን ግን የት እንደሚረግጥ አላወቀም። እሷ ከውስጥ ሆና ታየዋለች። እግሩን አንሥቶ፣ ሰፋ አድርጎ ተራመደና ደፉን ሳይነካ ገባ። ሆዱ ትልቅ ነውና ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ የበሩን ጠርዝ ይዞ ተረፈ።

አልሳቀችም። «ና፣ ቁም» አለችው።

ለካችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰፍቷል፤ ጎኑን መልቀቅ ነበረባት። «እሱ ይህን አስቦ ነው ትርፍ የተወው» አለች፤ «"ይሄ ሰውዬ ገና ይወፍራል" ብሎኛል።» ጎኑን ለቀቀች፤ ገበሩን ሰፋች። ከዚያ እጅጌዎቹ ቀሩ። የመጀመሪያውን ገጠመች። ሳንባ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ቀጥታው፣ ብብቱ፣ መዞሪያው፣ ደግሞ ቀጥታው። ሁለተኛውን ስትገጥም ቀስ በዪ ሊላት ፈለገ፤ አላላትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ የሽምሸማውን ነጭ ክሮች አንድ በአንድ መዘዘች። አልቋል።

አለበሰችው። በትከሻው ላይ እጇን አሳለፈች፤ ኮሌታውን አስተካከለች። ኮቱ እሱ ላይ የተወለደ ይመስል ነበር።

«ልክ ነው?» አለችው።

ሳንባ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ፣ ወደ ጎን ዘረጋ። ምንም የሚይዘው ነገር የለም። «እጅጌው ጋ» አለ፣ «ትንሽ ጠቦኛል።»

አየችው። መጥበብ አለመጥበቡን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ የለም።

«አውልቀው» አለችው።

አወለቀላት። መኪናው ላይ ተቀመጠች። ክሩን ከመርፌው ዓይን አወጣችና ጠቅልላ ጎን አስቀመጠችው። እጅጌውን ከመርፌው ሥር አስገባች፤ በባዶ መርፌ፣ ከቀጥታው ጀምራ ምቱን ትረግጥለት ጀመር።